ፈሪዋ ታንኳ ቀዛፊ

ለጨዋታ ያህል ሌላ ሰው ሁን ቢባል፣ ደካማ ሰው መሆን የሚመርጥ ያለ አይመስለኝም። እናንተም አትመርጡም። በዚያ በአብዮቱ ዘመን ደግሞ ድካም ነውር ነበር፤ ራዲዮኑ ስለ ጀግና፣ መዝሙሩ ስለ ጀግና፣ ግድግዳ ላይ የተሣለው ሠራተኛ እንኳ ክንዱ የእኔን ወገብ ያህላል። ልቡ የሚርድ ቢኖር ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው።

እኔ ስርድ የኖርኩት ኮልፌ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚማረው ኤልያስ፣ ዘመዱ ከውጭ አገር የላከለትን ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ቤታችን ይዞ ይመጣ ነበር። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ግርማ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነን እንናገራለን። የሰዎቻችንን ብርታት የሚወስነው ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለው የሉዶ ጠጠር ነው። ለግርማ ግንብ የሚንድ ጦረኛ ወጣለት። ለእኔ የደረሰችኝ ታንኳ ቀዛፊ ግን ድፍረት የሚባል ስላልፈጠረባት፣ የልቧን ለመናገር ጠጠሩ ስድስት ካልወጣ አፏ አይከፈትም። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በመስኮት ሲያዩን የውይይት ክበብ መስለናቸው "በርቱ ልጆቼ" ብለውን አልፈዋል።

ቀይርልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ኤልያስ ተይ ብሎ እምቢ አለ። ብርቱ ሰው ግንቡን ንዶ ያልፋል፣ ታሪክ ጥልቀት የሚያገኘው ከደካማው ነው አለኝ። ግርማ ጥልቀት ለጉድጓድ ነው ብሎ ሳቀብን። እኔ ኤልያስን አመንኩት። ያለውን ሁሉ ነበር የማምነው፤ ችግሬም እሱው ነበር።

ኋላ ለኤልያስ የሞስኮ የትምህርት ዕድል ደረሰው። በመጨረሻው እሑድ እንዲህ ብሎ ተረከ፦ አንድ ተጓዥ ወንዙን ሊሻገር መጥቷል፣ ይመለስ አይመለስ አይታወቅም፤ ቀዛፊዋ ከድሮ ጀምሮ ትወደዋለች። ይህን ሲል ጠጠሩን እንጂ እኔን አላየም።

"ምን ትለዋለች?"

ወረወርኩ። ስድስት።

ስንት እሑድ እምቢ ያለኝ ስድስት! ቀዛፊዋ ተፈቅዶላታል፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

"ከጫፍ አትቀመጥ" አልኩ፤ "ልብስህ ይረጥባል።"

ኤልያስ ጠበቀ። "ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ተጓዡ አመስግኖ ተሻገረ አለና ጨዋታውን ሰበሰበ። እስከ ፌርማታው ሸኘነው፤ መንገዱን ሙሉ ያወራው ግርማ ነው። ስንመለስ "አንቺ፣ ስድስት ወጥቶልሽ ስለ ልብስ ታወሪያለሽ?" አለኝ። ያኔ ስለ ጨዋታው መስሎኝ ነበር።

ኤልያስ ልክ ነበር፤ ያቺ ፈሪ ታሪኬን በእርግጥ ጥልቅ አድርጋዋለች፣ ይኸው እስከ ዛሬ ታቹን አልነካሁትም። እኔ ግን፣ ለእናንተ ልንገራችሁና፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ታሪክ ይበቃኝ ነበር፤ እሱ የማይሻገርበት ከሆነ።