የራስ ክምር እርሾ

እኛ ሰዎች «ባዶ» የምንለው ነገር ይገርመኛል። ሰው ካልሠራበት፣ ካልተከለበት ወይም ካላጠረው፣ መሬት ሁሉ ባዶ ነው። በላዩ ላይ ሣሩ ወገብ ይድረስ፣ ንቡ እንደ ገበያ ይንጫጫ፣ ወፉ ጎጆ ይሥራ፣ ግድ የለንም። ሆሳዕና ውስጥ አንድ ሰው «እዚያ ማዶ ባዶ ቦታ አለ» ካላችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ እግራችሁን የምታሳርፉበት አታገኙም። ይህን የምለው ከእናንተ ተሽዬ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር፣ የአበባን ክፍሎች በጠመኔ እየሳልኩ ስም ሳስሸመድድ፣ በክፍሉ መስኮት በኩል የሚታየውን አበባ ምንድን ነው ብትሉኝ «አረም ነዋ» ብዬ እመልስ የነበርኩ ሰው ነኝ። መጽሐፉ ላይ የለማ።

ከዚህ ድንቁርና ልታወጣኝ የሞከረችው መሠረት ናት። መሠረት የሌሞ ወረዳ ገበሬ የአቶ ሄራሞ የመጨረሻ ልጅ ስትሆን፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራት ከፊት ወንበር ተቀምጣ ጥያቄ የምታበዛብኝ ተማሪዬ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ወደ አገሯ ስትመለስ መጀመሪያ ያንኳኳችው የእኔን በር ነው። ናፍቄያት እንዳይመስላችሁ፤ የትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለነበረ ነው። ምን ልታጠኚ ነው ስላት፣ ከአባቷ ቤት ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ የበቀለውን ራስ ክምር ነው አለችኝ። ራስ ክምርን መቼም ታውቁታላችሁ። በየመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ ይቆምና ብርቱካንማ አበባውን በግንዱ ዙሪያ ፎቅ በፎቅ ይደረድራል፤ ልጆች ሳለን አበባውን እየነቀልን ከሥሩ ያለውን ጣፋጭ እንመጠው ነበር። የሆነ በሽታ ያድናል ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። የምታጠናው በዚያ ጣፋጭ ጠብታ ውስጥ የሚኖረውን እርሾ ነው።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ንብ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትሄድ እርሾውን በምላሷ ይዛው እንደምትሄድ፣ እርሾው ስኳሩን እየበላ የጠብታውን ጠረንና ጣዕም እንደሚለውጥ፣ ንቧም በዚያ ጠረን ተመርታ አበባ እንደምትመርጥ ዘርዝራ አስረዳችኝ። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባች። ቀደም ሲል ለዕረፍት ስትመጣ አንዱን ሥር ከፋፍላ ግማሹን ደረቁ አናት ላይ፣ ግማሹን እርጥቡ ግርጌ ላይ ተክላው ነበር። ቆይታ የሁለቱንም ዘር አንድ ዓይነት አፈር ላይ ስትዘራው፣ ድርቅ ያየው ተክል ልጆች ቀድመው አበቡ፤ ጠብታቸውም ወፈር፣ እርሾውም በዛ አለ። በዘር አንድ ናቸው። እኔ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ ከመጽሐፉ አንድ ፊደል አልተለወጠም፣ የትኛው ገጽ እንደሚነበብና የትኛው እንደሚታጠፍ ነው የተለወጠው እላለሁ። መከራን ያየችው እናትየዋ፣ የታጠፈውን ገጽ የወረሱት ልጆቿ። ለልጅ ልጅስ ይተላለፋል? ይህን የሚመልሰው የሦስተኛው ዓመት ዘር ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። እስከ አስፋልቱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። እሷ እንደ መርፌ በቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ ጠብታውን ትስባለች፣ እኔ የተክሉን ቁጥር እጽፋለሁ። በእያንዳንዱ ግንድ ላይ ባለቀለም ክር ታስራለች፤ ቀዩ ክር የደረቁ አናት ልጅ፣ ሰማያዊው የእርጥቡ። ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ ይስቅብናል። የሄራሞ ልጅ ያን ያህል ተምራ አረም ልትቆጥር መጣች ይባል ነበር፤ በሀዲይኛ የሚያወሩት አይገባውም ብለው ነው፤ ይህን ያህልስ ይገባኛል።

አቶ ሄራሞም ቢሆኑ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። በግራም በቀኝም ያለው ጎረቤት ቁልቁለቱን በባሕር ዛፍ ሞልቶታል። «ልጄ፣ ይሄን እኮ ላም እንኳን አትበላውም» ይሏት ነበር። አንድ የገበያ ቀን በጋሪ ከተማ ሲመጡ መሠረት እጃቸውን ይዛ ትምህርት ቤት አስገባቻቸውና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው እንዲያዩ አደረገቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም። እርሾው እየተከፈለ ሲበዛ ነው የሚያዩት። ቆጮ እንደሚብላላበት ጉድጓድ ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ አዎ፣ የዚያ ዘመድ ነው አለቻቸው።

«እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በእኔ መሬት ላይ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «እንግዲያው መሬቱ ተይዟል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ሌላው ቀርቶ ከብት እንዳይገባ በእሾህ አጠሩት።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ አቶ ሄራሞ ታመሙ። ሆሳዕና ሆስፒታል ተኙ፤ መሠረትም ከአልጋቸው ሥር አልነቃነቅ አለች። ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ኮሪደሩ ላይ አስቁማኝ፣ የተክሎቹ ቁጥር የተጻፈባቸውን ትናንሽ የወረቀት ከረጢቶች ሰጠችኝ። «ቲቸር፣ የአበባው የታችኛው ፎቅ ዘር ደርሷል። በፊታችን ቅዳሜ ካልተሰበሰበ ይረግፋል። ከእርስዎ ሌላ ክሮቹን የሚያውቅ ሰው የለም» አለችኝ። ምን ችግር አለው፣ አንቺ አባትሽን ጠብቂ አልኳት።

በዚያ ቅዳሜ አዲሎ ላይ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። መቅረት እችል ነበር። ግማሽ ቀን ሠርቼ መድረስም እችል ነበር። ከረጢቶቹን መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጬ፣ አንድ ሳምንት ምን ያመጣል ብዬ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ሠርጉ ጥሩ ነበር። ጨፍሬያለሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። ከሩቅ መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። ቁልቁለቱ ከላይ እስከ ታች ቀይ አፈር ሆኗል። ጉድጓዶች በገመድ እየተለኩ በረድፍ ተቆፍረዋል፤ መሃል ላይ አንድ የአመድ ክምር አሁንም ይጤሳል። አቶ ደሳለኝ የሚባሉት ጎረቤት ከሩቅ አይተውኝ እየሮጡ መጡ። ያለውን ሥራ ጥሎ፣ መንደሩ በሙሉ ትናንት ደቦ ወጥቶ ነው ያጸዳው። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ቆፍረዋል። የአቶ ደሳለኝ ፊት ያበራል።

«ጋሽ ሄራሞ ከሞት አልጋ ተነሥተው መጥተው ይሄን ጫካ ይዩት እንዴ መምህር? ክረምት ሲገባ ባሕር ዛፉን እኛው እንተክልላቸዋለን» አሉኝ።

ምን ትሏቸዋላችሁ? ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እኮ ነገሩ ቀላል ነበር። እግዜር ይስጥልን አልኳቸው። በእንጨት አመዱን በተንኩት፤ ከዳር አካባቢ ጫፉ የተቃጠለ ቀይ ክር አገኘሁ፣ ዘር ግን አላገኘሁም። ንቦች ባዶው አየር ላይ፣ አበባው በነበረበት ከፍታ ልክ እየዞሩ ነበር። አንዲት ምንቃረ ቆልማማ ትንሽ ወፍም መጥታ አንዱ የገመድ ካስማ ላይ አረፈች፣ ግራ ቀኝ አየችና ሄደች። ከዚያ አቶ ደሳለኝ ቤታቸው አስገብተው ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፤ በላሁ።

መሠረት የነገርኳትን ቆማ ሰማች። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እርስዎ ዘሩን ሰብስበውት ነበር ቲቸር?»

«ቀደሙኝ» አልኩ።

ውሸት ነው አትሉኝም፤ ቀድመውኛል። እሷም እንዴት ብላ አልጠየቀችኝም። ስንት ሰው መጣ አለችኝ። መንደሩ በሙሉ አልኳት። «አባዬ እንደዚህ እንደሚወደድ ሲሰማ ደስ ይለዋል» ብላ ወደ ክፍሉ ገባች።

አቶ ሄራሞ ድነው ወጡ። ጎረቤት ተሰብስቦ ጸሎት አደረሰ፣ እሳቸውም ቆመው ሁሉንም በየስሙ እየጠሩ መረቁ፤ መሠረትም ከጎናቸው ቆማ አመሰገነች። ሲመሽና ሰዉ ሲበተን ግን ወንበራቸውን አንሥተው አዞሩት። ከዚያ ጀምሮ በሄድኩ ቁጥር የማገኛቸው ለቁልቁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ነው። ስለ እርሾው አንሥተውብኝ አያውቁም።

ራስ ክምር ሞልቶ የለም ወይ የሚለኝ አለ። ሞልቷል። ከአዲሎ እስከ ሀደሮ በየመንገዱ ዳር ሲያብብ ታዩታላችሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ እናቱ ማን እንደሆነች፣ ምን ዓይነት በጋ እንዳሳለፈች አይታወቅም። ያየችውን የምናውቅላት አንዲት እናት ነበረችን፤ የልጅ ልጆቿ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ቀርቷቸው ነበር።

መሠረት የጥናቷን ርዕስ ለወጠች። ጊዜ ስላልነበራት በእጇ ያለውን ነገር አጠናች፤ በአባቷ ቁልቁለት ላይ ስለተተከለው የባሕር ዛፍ ችግኝ አስተዳደግ ጻፈች፣ በከፍተኛ ውጤትም ተመረቀች። አሁን የምትሠራው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን አንድ ቅጂ አስጠርዛ አምጥታልኛለች። የምስጋናው ገጽ መጀመሪያ ላይ ጎረቤቶቿን ታመሰግናለች፤ ከእነሱ ቀጥሎ፣ እሷ በሌለችበት ሥራዋን እንደ ገዛ ሥራው ስለጠበቀላት መምህሯ ትጽፋለች። ስሜ ያለ አንድ የፊደል ስሕተት ሰፍሯል። ያን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም።

እውነቱን እስካሁን አልነገርኳትም። ሥራ ስለሚበዛባት እንዲህ ያለ ጽሑፍ የምታነብበት ጊዜ የላትም፤ እዚህ የጻፍኩትም ለዚያ ነው።