«ይመስገን» የምትል መርፌ

እኛ ይፋቶች ደህንነታችንን ስንጠየቅ እውነቱን ተናግረን አናውቅም። ወባ ሲያንቀጠቅጠው ያደረን ሰው «እንዴት አደርክ?» በሉት፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። ማሽላውን ወፍ የጨረሰበትንም ጠይቁት፤ እሱም ይመስገን። ሙስሊሙ ጎረቤቴ «አልሐምዱሊላህ» ይላል እንጂ መልሱ ያው ነው። ክፉ ልማድ ነው አልልም። እኔም ጠዋት አፌን የምፈታው በዚሁ ቃል ነው፤ ፈጣሪ በክፉውም በደጉም ይመሰገናል። ችግሩ ምስጋናው ለላይኛው ደርሶ ጠያቂው ባዶ እጁን መሄዱ ነው። ኋላ ቀብር ላይ «ትናንት እኮ ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር» እንባባላለን።

ሰው እንዲህ ቢሆን ለምደነዋል። መኪና እንዲህ ስትሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

መኪና ያልኩት የእኔኑ አሮጌ አውቶሞቢል ነው። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም፤ መንዳቱንና መፍታት መግጠሙን ግን ዕድሜ አስተምሮኛል። የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል፤ እዚህ አገር ከሹፌሩ ቀድማ የምታልበው መኪናዋ ናት። ስለዚህ ከመሪው ፊት ያለችውን የሙቀት መርፌ እንደ ታመመ ሕፃን ግንባር ቶሎ ቶሎ አያታለሁ። ሰሞኑን ታዲያ መርፌዋ ከታች አልነቃነቅ አለች። ገበያ ስመላለስ፣ ሰፈር ለሰፈር ስል፣ በዚያ ሁሉ ግለት እሷ ብርድ ላይ ተኝታለች። እኔ ሞኙ ምን አልኩ? ጸሎቴ ደረሰ አልኩ። አጠገቧ ለለጠፍኩት የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኩ።

ይኼኔ የእህቴ ልጅ ደረጀ አንዲት የደብረ ሲና ልጅ ወዶ ነበር። እሷም ወዳዋለች። ተዋድዶ የቀረ ግን ስንት አለ! እኛ ዘንድ ልጅ የምትገኘው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ይመለሳል። ወጉ ነው። አባትየው አቶ ሸዋንግዛው እኛንም እንደ ወጉ መለሱንና ቀን ቆረጡ፦ «ከቀትር በፊት ኑ፣ ያኔ የመጨረሻውን እነግራችኋለሁ።» በቁርጥ ቀን የዘገየ ሽማግሌ እንደናቀ ይቆጠራል። በዚያ ላይ የሌላ ሰው ሽማግሎችም ደጅ እየጠኑ ነው ሲባል ሰማን። ያን ቀን ካሳለፍን ልጅቱ ሄደች ማለት ነው።

ደረጀ እንቅልፍ ቢያጣ ለሽማግሎቹ ክብር ብሎ መኪናዬን ሰማያዊ ቀለም አስቀባልኝ። ውጭዋን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ኮፈኖዋን አስከፍቶ፣ ብሎኖቹን አስፈትቶ፣ ከራዲያተሩ አጠገብ ያለውን ብረት ሳይቀር አስቀባው። ልጁ ቀለም ይወዳል። መንገድ ዳር የጀመረውን ቤትም ፊቱን አስለስኖ ቢጫ አስቀብቶታል። የጀርባው ግድግዳ ግን ገና ጭቃ አልነካውም፤ ጣሪያም የለው። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ራሳችሁን ውጭ ታገኙታላችሁ።

በቁርጡ ቀን ሦስት ሆነን ተነሳን፦ እኔ፣ ሽንኩርት ነጋዴው ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩና የቀወት ገበሬው ባልንጀራዬ ታፈሰ። የአርማንያን ከተማ አልፈን የደብረ ሲናን ዳገት እንደያዝን፣ ጭነት የበዛበት ከባድ መኪና ኋላ በእግረኛ ፍጥነት እየተሳብን ሳለ ከኮፈኖው ነጭ ነገር ወጣ።

«ጉም ነው እንዴ?» አለ ታፈሰ ከኋላ።

«ጉሙ ገና ደብረ ሲና ነው። ይሄ የኛው ነው» አሉ ሐጂ።

መርፌዋን አየሁ። ብርድ ላይ ናት!

ዳር ይዤ ቆምኩ። ታፈሰ አንገቱን አስግጎ አየና «መርፌው በረደኝ ይላል፣ ሞተሩ ፈላሁ ይላል፤ ከሁለቱ አንዱ የሐሰት ምስክር ነው» አለ። ወዲያው ታፈሰ ራሱ፣ ሐጂ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ የያዙትን ውሃ አንስቶ ሞተሩ ላይ ሊደፋ ሄደ።

«ተው አንተ! በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህ ይሰነጠቃል። የራዲያተሩንም ክዳን እንዳትነካ፣ ፊትህን ይልጥሃል» አልኩት።

«ታዲያ ቆመን እንየው?»

«አዎ፣ ቆመን እናየዋለን።»

ሐጂ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና «ቀትር እየደረሰ ነው» አሉ።

እስኪበርድ ነገሩን አሰብኩት። ሞተር ሲግል በራሱ ተነስቶ ራዲያተሩን የሚያነፍሰው ፋን ዝም ብሏል። መርፌዋም ዝም ብላለች። መጀመሪያ የፋኑን ፊውዝ ነቅዬ አየሁ፤ አልተቃጠለም። ቀጥዬ ፋኑን የሚያስነሳውን፣ ሪሌ የሚሉትን ትንሽ ማብሪያ ነቀልኩና መልኩ አንድ ስለሆነ በክላክሱ ሪሌ ቦታ ሰካሁት። ክላክሱን ስጫነው ከመጮሁ የተነሳ ሐጂ «ቢስሚላህ!» ብለው ዘለሉ። እንግዲህ ሪሌውም ደህና ነው። ከባትሪው በሽቦ ቀጥታ ለፋኑ ኃይል ሰጠሁት፤ አልተነሳም። ከፋኑ የሚወጣውን ጥቁር ገመድም በሌላ ሽቦ ከባትሪው ጋር ሳገናኘው ግን ፋኑ ብርር ብሎ የታፈሰን ባርኔጣ አፈር ላይ ጣለው።

«ነፍስ አለው!» አለ ባርኔጣውን እያራገፈ።

ነፍስ አለው፤ የጠፋው መመለሻው ነው። ኤሌትሪክ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናዋ ብረት በኩል ነው። ጥቁሩን ገመድ በእጄ ተከተልኩት። የፋኑም የሙቀት መለኪያውም ገመድ አንድ ላይ ሆኖ ራዲያተሩ አጠገብ በአንድ ብሎን ታስሯል። ብሎኑን ስፈታው ከሥሩ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሰማያዊ ቀለም፣ ወፍራም፣ የሚያምር። ቀለም ደግሞ ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ለካ መርፌዋም የተኛችው ከቀለሙ ማግስት ጀምሮ ነው። እኔ የአማላጅ ሥራ ነው ያልኩት የደረጀ ቀለም ኖሯል።

ሐጂ የሽንኩርት ቢላቸውን አቀበሉኝ። ቀለሙን እርቃን ብረት እስኪወጣ ፋቅሁት፣ ገመዱን መልሼ አጥብቄ አሰርኩ። ሞተሩ ሲበርድ የሐጂን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ሞላን። «የእኔ ውዱእ ደብረ ሲና ስንገባ ይደርሳል» አሉ። መኪናዋን አስነሳሁ። ትንሽ እንደሄድን መርፌዋ ከእንቅልፏ ነቅታ ወደ ላይ ወጣች፣ ፋኑም ተነሳ። ሙቀት ጨመረ ብዬ ፈጣሪን ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነው።

ስንደርስ ቀትር አልፏል። አቶ ሸዋንግዛው ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። ግቡም ተቀመጡም አላሉ።

«ቆለኛ ብርድ ፈርቶ ቀረ ብዬ ነበር» አሉ።

«መኪና አዘገየን እንጂ እኛስ አንቀርም» አሉ ሐጂ።

«ደግ። ለመሆኑ የልጁ ቤት አልቋል አሉ?»

ታፈሰ ደረቱን ነፋ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ።

እጄን አየሁ። ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ቀለም አለ። ዝም ብል ልጅቱን እናገኝ ይሆናል፤ ብናገር ደረጀን ምን እለዋለሁ? ግን ያቺ መርፌ ገደል አፋፍ ድረስ ይመስገን ስትለኝ መጥታለች።

«ያለቀው ፊቱ ነው» አልኩ። «ጀርባው ጭቃ የለውም፤ ጣሪያም አልወጣለትም።»

ታፈሰ እግሬን ረገጠኝ። ጫማው የገበሬ ጫማ ነው።

አቶ ሸዋንግዛው ከበሩ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁልን። «ግቡ፣ ተቀመጡ። ሮቢት ወርጄ በዚያ ቤት ጀርባ በኩል ዞሬ አይቻለሁ። የቀጠርኳችሁ ከእናንተ አፍ ምን እንደሚወጣ ለመስማት ነው። ያላለቀ ቤት ያልቃል፤ ልጄን ግን አልቋል ብሎ ለሚዋሽ ዘመድ አልሰጥም። ጣሪያው ሲወጣ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን።»

ስንመለስ ደረጀ በዚያ ቢጫ ግድግዳ ፊት ቆሞ ይጠብቀናል። ገና ሳልወርድ መስኮቱን ያዘ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ምላሴ ነው፣ ምን ላድርገው!

ልጁ አመድ መሰለ። እኔ መርፌዋን እንደማያት ፊቴን ትክ ብሎ ያየኝ ጀመር፤ ለካ ይህ ቃል ምንም እንደማይነግር እሱም ያውቀዋል። ታፈሰ ከኋላ ይስቃል። ሐጂ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ቀለሙን ተወውና ቆርቆሮ ግዛ» አልኩት።