ስድስቱ ቀዳዳዎች

መሥሪያ ቤት የሚቆመው በሕግ ነው፣ በደንብ ነው፣ በሰው ኃይል ነው ሲባል ኖሯል። በጠረጴዛ ነው ያለ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህ ግፍ ነው። ሕጉ የሚዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ደንቡ የሚረሳው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሰው ኃይሉም ቢሆን ከምሳ በኋላ ግንባሩን የሚያሳርፈው ሌላ ቦታ አይደለም። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጠረጴዛ ለመገምገም ሳምንታት ፈጀ ቢባል፣ አስተዋይ ሰው «ምነው እንዲህ ተቻኮሉ» ከማለት በቀር የሚለው አይኖረውም።

ጠረጴዛው የፑል መጫወቻ ነበር፤ የሠሩትም የመሥሪያ ቤቱ አናጺ ናቸው። እኚህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ ልካቸውን፣ ያችን በብልቃጧ ውስጥ አረፋ የምትዋልልበትን መለኪያ፣ ከደረት ኪሳቸው ለይተው አያውቁም። ከዚህ የተነሣ የተጻፈ ስማቸው በማኅደራቸው ውስጥ ብቻ ቀርቶ፣ ሰው ሁሉ «ጋሽ ውሃ ልክ» ይላቸዋል። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸው ነው ለሠራተኞች መዝናኛ ክፍል የፑል ጠረጴዛ እንዲሠሩ የታዘዙት። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበቡት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእጃቸው የወጣው ዕቃ ሁሉ ሰው የሚያዛጋበት ነበር። ሰው የሚስቅበት አንድ ጠረጴዛ ሠርቶ መሰናበት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስበው፣ ያን ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ቀሩ።

ወለሉን ከሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አጋጠሙት፤ መጋጠሚያውን በሰም ሞልተው ጣታቸው ወሰኑን እስኪስት ድረስ ፋቁት። ጠርዙን ጎማ አለበሱት፤ አረንጓዴውን ጨርቅ አንዲት ሽብሽብ ሳትቀር ወጠሩት። ከሁሉ ይበልጥ የለፉት ግን በስድስቱ ቀዳዳዎች ላይ ነው። አፋቸውን በሞረድ እያለሰለሱ፣ ኳስ በእጃቸው እየለቀቁ፣ ጆሯቸውን ደግነው ያዳምጡ ነበር። በእርሳቸው አስተያየት፣ ኳስ ሲገባ «ኳ» ካለ እንጨቱ ነክቶታል፤ «ሽው» ካለ ጨርቁ ላልቷል፤ በትክክል የተበሳ ቀዳዳ «ዱብ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። የቀራቸው ምኞት ይህን ድምፅ ከሌላ ሰው ምት መስማት ብቻ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የዚያን ዓመት ዘመቻውን በድምቀት እያካሄደ ነበር። ዋና ዳይሬክተሩ በዓመቱ መጀመሪያ ባደረጉት ንግግር የብክነት ቀዳዳዎች ሁሉ እንዲደፈኑ አሳስበው፣ «ዘመኑ ቀዳዳ የምንደፍንበት ነው» የሚል፣ በሰፊ ጨርቅ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ በየክፍሉ ተሰቅሏል። ምላሹ የሚያኮራ ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች የበራቸውን የቁልፍ ቀዳዳ በሰም ደፍነው የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ፤ ወረቀቱን ግን በሩ እስኪሰበር ድረስ ውጭ ቆመው ለመያዝ ተገደዋል። ወረቀት መብሻዎችም ከየቢሮው ተሰብስበው ግምጃ ቤት ተቆለፈባቸው።

በደንቡ መሠረት አዲስ ዕቃ ሳይገመገም አገልግሎት ላይ አይውልም፤ በግምገማ ሁለት ጊዜ የወደቀ ዕቃም ፈርሶ መደርደሪያ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ፣ ለጽሕፈት ጠረጴዛ የተዘጋጀውን ቅጽ ይዞ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት መዝናኛ ክፍሉ ውስጥ ተሰየመ። ሰብሳቢው የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር አንዲት የሕግ ባለሙያና የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ።

«መሳቢያው የታለ?» አሉ ሰብሳቢው፣ ጎንበስ ብለው የጠረጴዛውን ሆድ እየፈተሹ።

«መሳቢያ የለውም» አሉ ጋሽ ውሃ ልክ።

«ታዲያ ሠራተኛው ማኅተሙን የት ያስቀምጣል?»

«ሠራተኛው እዚህ አይሠራም፣ ይጫወታል።»

ሰብሳቢው ይህን በጥልቀት አሰቡበት። «ካልተሠራበት» አሉ በመጨረሻ፣ «ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች የሚለየው በምንድን ነው?»

ጋሽ ውሃ ልክ በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብለው መምቻውን ዘንግ አነሡ። ነጩ ኳስ ቀዩን ገፋው፤ ቀዩም ጥግ ላይ ደርሶ «ዱብ» አለ።

«የት ሄደ?» አለ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ።

«ገባ።»

«አሥራ ስድስት ኳስ ነው ቆጥሬ የተረከብኩት። አሁን አሥራ አምስት ነው የማየው።»

«ገባ እኮ ነው የምልህ፣ ልጄ።»

«የመውጫ ፈቃድ ሳይዝ?»

«አልወጣም፤ ገባ።»

«ጋሼ፣ ከጠረጴዛው ላይ ወጥቷል።»

የሕግ ባለሙያዋ መነጽሯን አስተካከለች። «መግባትና መውጣት በሕግ ዓይን አንድ ድርጊት ሊሆኑ ይችላሉ» አለች። «ልዩነቱ የሚመጣው ሰውየው ከቆመበት ወገን ነው።» ሰብሳቢው ይህ አባባል በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አዘዙ፤ ለምን እንደሚጠቅም በኋላ እንደሚታይም አከሉበት።

አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ግን የሰብሳቢው ድምፅ ቀዘቀዘ። «ቀዳዳ አለው ወይ?» ይላል ቅጹ።

«አለው» አሉ ጋሽ ውሃ ልክ።

«ስንት?»

«ስድስት።»

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡና በሩ ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ ቀና ብለው አዩት። «በዘንድሮው ዓመት?» አሉ።

«ጋሼ» አለች የሕግ ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መቼም በስህተት ነው፤ አይደል?»

«ኧረ ሆን ብዬ ነው። አንድ በአንድ ነው የበሳኋቸው።»

«ይህን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።»

«ቀዳዳ ከሌለው እኮ ፑል አይሆንም።»

«ምን ይሆናል?»

«ሜዳ ነዋ።»

«ሜዳ ይሁን» አሉ ሰብሳቢው። «በሜዳነቱ የተጠየቀ የለም።»

ቃለ ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ወጣ። ኮሚቴው «ስድስት (6) ቀዳዳዎች፣ አራቱ በማዕዘናት፣ ሁለቱ በወገብ ላይ በተቀናጀ መልኩ ተሰማርተው» እንዳገኘ፣ ቀዳዳዎቹም ከዘመቻው መንፈስ ጋር በግልጽ እንደሚጋጩ ገልጾ፣ በአሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ ካልተደፈኑ ጠረጴዛው ፈርሶ ለመዝገብ ቤት መደርደሪያ እንዲሆን ወስኗል። ጋሽ ውሃ ልክ ወረቀቱን አንብበው፣ ውሃ ልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አረፋዋ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ቀጥ ያለ ሌላ ነገር እንደሌለ እያሰቡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው የካፖርታቸውን ቁልፍ ሲተክሉላቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነገሩን አጫወቷቸው።

«እና መደርደሪያ ሊያደርጉት ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«ካልደፈንኩት።»

«ታዲያ ድፈነዋ።»

«አንቺ ደግሞ። ከደፈንኩትማ ምን ቀረው?»

ባለቤታቸው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ድፈን አሉህ እንጂ አጣብቅ አሉህ? ጠርሙስም እኮ ውታፍ አለው። ውታፍ ስላለው የማይጠጣ ጠርሙስ አይተህ ታውቃለህ?»

ጋሽ ውሃ ልክ ሠላሳ አንድ ዓመት መሥሪያ ቤት ውለው እንዲህ ያለ የሕግ ትንታኔ ሰምተው አያውቁም። በማግስቱ ከጠረጴዛው ትራፊ እንጨት ስድስት ውታፎች ጠረቡ። ላያቸውን ያንኑ አረንጓዴ ጨርቅ አለበሷቸው፤ በጥፍር ሳብ ሲደረጉ እንዲወጡ አድርገው ልካቸውን አስተካከሉ፤ ሆዳቸው ላይም ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፉባቸው፤ ምክንያቱም አንዱ ቀዳዳ የሌላውን ውታፍ በፍጹም አይቀበልም ነበር።

ሁለተኛው ግምገማ የመሥሪያ ቤቱ የኩራት ቀን ሆነ። ሰብሳቢው መዳፋቸውን ከዳር እስከ ዳር አንሸራተቱና «እንከን የለሽ» አሉ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንድ ሰዓት ሙሉ ኳሶቹን ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልል ቆይቶ ቢቆጥራቸው፣ አሥራ ስድስቱም ነበሩ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የሕግ ባለሙያዋ በመግባትና በመውጣት መካከል ሊነሣ የሚችል ክርክር ከምንጩ መድረቁን አረጋገጠች። ጠረጴዛው መቶ ከመቶ አገኘ።

ሠራተኞችም ይጫወቱበት ጀመር። ኳሶቹ ጎማውን እየነኩ ይመለሳሉ፤ ተመልሰው ይሄዳሉ። የሚያሸንፍ የለም፤ የሚሸነፍ የለም፤ ጨዋታው የሚያበቃው የምሳ ሰዓት ሲያበቃ ነው። ሰብሳቢው ይህን በሪፖርታቸው «በሠራተኞች መካከል የነበረው ፉክክር ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ብለው አቀረቡት። ጋሽ ውሃ ልክ፣ ውታፉ እንደሚነቀል ቢናገሩ ኮሚቴው ይሰማል ብለው፣ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ሰው ጠረጴዛቸው ላይ እያዛጋ ነው።

መሰናበቻቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቀን የሕግ ባለሙያዋ ለብቻዋ ስትጫወት የመታችው ኳስ ጥግ ላይ ሲያርፍ አንዱ ውታፍ ብቅ አለ። በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ ወጣላት። ገልብጣ ቁጥሩን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ይነቀላል እንዴ?»

«ይነቀላል።»

«ቃለ ጉባኤው ይደፈን ነው የሚለው።»

«ደፍኛለሁ።»

«ተደፍኖ ይቆይ ግን አይልም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። ከዚያም ውታፉን ኮት ኪሷ ውስጥ ከታ፣ ጎንበስ ብላ አነጣጥራ መታች።

ዱብ።

ጋሽ ውሃ ልክ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት የሕግ ባለሙያዋ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅ ነበር። ያችን ሴት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስትስቅ ያየ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሥርዓት የሆነ ነው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወሬውን ሰምቶ ነገሩን ሊያጣራ መጣና፣ አንድ ውታፍ «ለጥንቃቄ» ወደ ኪሱ አስገብቶ እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ አጣራ። ሰብሳቢው ሁለቱን ሊቆጣጠሩ መጥተው፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሲቆጣጠሩ ከረሙ። መጀመሪያ ላይ ውታፎቹ ከጨዋታ በኋላ ወደየቦታቸው ይመለሱ ነበር። ቆይቶ ግን ለእነርሱም፣ ከየክፍሉ ለመጡት ሌሎች ኃላፊዎችም አንድ ነገር ተገለጠላቸው፦ ውታፉን በኪሱ ይዞ የሄደ ሰው፣ ነገ ተራውን የሚነጥቀው የለም። ቀዳዳው የእርሱ ነዋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ውታፎቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ተሰናበቱ። አንደኛውን፣ ከሁሉ አሳምረው የሠሩትን የቁጥር አንዱን፣ ማን እንደወሰደው ግን ጋሽ ውሃ ልክ ሊደርሱበት አልቻሉም።

የዘመቻው መዝጊያና የእርሳቸው መሰናበቻ በአንድ ቀን ዋለ። ዝግጅቱ የተደረገው እዚያው መዝናኛ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው የዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ስለነበረ ዋና ዳይሬክተሩ በዓይናቸው ሊያዩት ፈልገዋል። ጋሽ ውሃ ልክ ጠዋት ቀድመው ቢገቡ፣ ስድስቱም ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተው ቆይተዋቸዋል። ዳይሬክተሩ ይህን ካዩ ጠረጴዛው በዚያው ቀን መደርደሪያ ነው። ምን ያድርጉ? የዘመቻውን ጽሑፍ ከበሩ ላይ አውርደው እንደ ጠረጴዛ ልብስ ዘረጉበትና፣ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አኖሩ።

ሰብሳቢው ንግግራቸውን ጀመሩ። «ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣ ክቡራን እንግዶች፤ ይህ ጠረጴዛ ወደ እኛ ሲመጣ በስድስት አቅጣጫ ተበስቶ ነበር። ዛሬ ግን ደፍረን መናገር እንችላለን። በዚህ ቤት ያልተደፈነ ቀዳዳ የለም።» ጭብጨባው ቀለጠ። ሰብሳቢው ስሜት ተጭኗቸው ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረባቸውን ከኪሳቸው መዘዙ።

ከመሐረቡ ጋር አንድ ነገር ወደቀ። ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ በዳይሬክተሩ ወንበር በኩል ዞረ፤ ሄዶ ሄዶ የጋሽ ውሃ ልክ ጫማ ሥር አረፈ።

ጋሽ ውሃ ልክ ጎንበስ ብለው አነሡት።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

ጋሽ ውሃ ልክ በሕይወታቸው ጠማማ ነገር ሠርተው አያውቁም፤ በመጨረሻው ቀንም ሊጀምሩ አልፈለጉም። «ውታፍ ነው ጌታዬ» አሉ። «የአራተኛው ቀዳዳ።»

«የቀሩትስ?»

የሕግ ባለሙያዋ ጣሪያውን መመርመር ያዘች። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የኮቱን ኪስ በመዳፉ ሸፈነ። ዳይሬክተሩ ሁለቱንም በተራ በጽኑ ተመለከቱ። ከዚያ የራሳቸው ቀኝ እጅ፣ ሰዓቱን እንደሚፈልግ ሰው፣ ቀስ ብሎ ወደ ኮት ኪሳቸው ወረደና እዚያው ቀረ። ከኪሱ አፍ ላይ የአረንጓዴ ጨርቅ ጫፍ ብልጭ ብሎ ወደ ውስጥ ሲመለስ ያዩት ጋሽ ውሃ ልክ ብቻ ነበሩ። ቁጥር አንድ ተገኘ።

«ዋናው ነገር» አሉ ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከግቢ አለመውጣቱ ነው።»

ይህን ጥልቅ ሐሳብ ተከትሎ የተሰማው ጭብጨባ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ጠረጴዛው እንዳይፈርስ ወዲያው ተወሰነ። ጽሑፉም ተገፈፈና የመሰናበቻው ምት ለጋሽ ውሃ ልክ ተሰጠ። እርሳቸው ግን ዘንጉን ተቀብለው ለዳይሬክተሩ አቀበሏቸው፤ ራሳቸው ጥግ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ደገኑ። ዳይሬክተሩ ብዙ ጊዜ እንደለመደ ሰው ጎንበስ ብለው መቱ። ዱብ አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

የዕለቱ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ሲል ይደመድማል፦ «ለመሥሪያ ቤቱ ቀዳዳዎች በሙሉ ውታፍ የተበጀላቸው መሆኑን፣ ውታፎቹም በኃላፊዎች ኪስ ውስጥ በጥንቃቄ ተቀምጠው የሚገኙ መሆኑን ጉባኤው በአድናቆት ተገንዝቧል።»