የረቡዕ ወተት

እኔን የምታውቁ ሰዎች አትሳቁብኝ እንጂ፣ እንግዳን «ምን ልታዘዝ?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬ ነበር። አዎ፣ እኔ! ሳዝ እንጂ ስታዘዝ ማን አይቶኝ ያውቃል? ከመጽሐፍ ያመጣሁት ጣጣ ነው።

ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምት በሚታጠፈው መንገድ አጠገብ፣ ከእናቴ የወረስሁት ሆቴል አለኝ። ሆቴል ስላችሁ ፎቅ እንዳይታያችሁ። ምድር ላይ የተዘረጋ ቤት ነው፤ የመኝታ ክፍሎቹ ግቢውን ከብበው የተደረደሩ፣ መሀል ላይ የማንጎ ዛፍ፣ ከጓሮ ደግሞ ዳልቻ የምትባል ላም። ፍኖተ ሰላም ላይ ሊፍት ያለው ሆቴል ተከፍቷል። ይከፈት። ላም ያለው ሆቴል ግን የእኔ ብቻ ነው። ደግሞስ ሊፍቱ የሚሠራው መብራት ሲኖር አይደል? ዳልቻ መብራት ኖረም አልኖረም ትሠራለች።

መጽሐፉን ያገኘሁት እዚያው ፍኖተ ሰላም፣ ገበያ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ሰው ነው። እኔ ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ያቋረጥሁ ሴት ነኝ። ንባቤን ግን ማንም አላቋረጠኝም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ ስኳሩን አልገለብጥም። እንግሊዝኛውንም መዝገበ ቃላት እየቆፈርሁ ብቻዬን ነው ያወጣሁት። መጽሐፉ ስለ ህንድ ሆቴሎች ነው፤ መስተንግዶን እንዴት ለገበያ ማቅረብ እንደሚቻል ያስተምራል። ሽፋኑ ተገንጥሏል። ሻጩ አየት አደረገኝና «ይሄ ለእርስዎ አይሆንም እትየ፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ነው» አለኝ። እንዲያ ባይለኝ ኖሮ ላልገዛው እችል ነበር።

ብልህ መጽሐፍ ነው፣ አልዋሽም። አገልግሎት አይዳሰስም ይላል። እውነት ነው። ጎተራም ውስጥ አይቀመጥም ይላል። ጤፍ ዛሬ ባይሸጥ ለነገ ይቆያል፤ ባዶውን ያደረ አልጋ ግን ያች ሌሊት ሄደች፣ ተመልሳ አትሸጥም። ይህን ሳነብ አልጋዎቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ከሊፍቱ ወዲህ ስንቶቹ ባዷቸውን እያደሩ ነበር! በዚሁ ከቀጠለ ወይ ቤቱን መዝጋት፣ ወይ አብረውኝ የኖሩትን ሰዎች ማሰናበት ነበር የቀረኝ።

ደግሞ ሌላም ነገር ይላል። ሱቅ ውስጥ ሻጭ ከዕቃው ይለያል፤ ሆቴል ውስጥ ግን ሠራተኛው ራሱ የዕቃው አካል ነው ይላል። ሠራተኞቼን ሰብስቤ ይህንኑ አስረዳሁ። ከእናቴ ጊዜ ጀምረው ወጥ ቤቱን የያዙት እትየ ስንዱ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ዕቃው እኔ ነኝ?» አሉ። አይ፣ ማለቴ፣ ብዬ ላቃና ስል፣ «ተይው አንቺ ልጅ፣ ሰምቻለሁ። እናትሽ ሰው ብላ ቀጠረችኝ፣ አንቺ ዕቃ አደረግሽኝ» ብለው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

እኔ ግን ተነድፌያለሁና ማን ይመልሰኝ! እንግዳ መቀበያው ላይ ደወል አስቀመጥሁ። በተደወለ ቁጥር እትየ ስንዱ ከወጥ ቤት ሆነው ያማትባሉ። ለማንም ሰው ሳይጠየቅ ምግብ እንዳይቀርብለት ከለከልሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ «በሞቴ» ማለትን ከለከልሁ። ደንበኛውን አታስጨንቁት፣ ምርጫው የራሱ ይሁን ይላላ መጽሐፉ! እኛ ቤት ደግሞ ጠግቦ እጁን የሰበሰበ ሰው «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ተብሎ ሳይገዘት ከገበታ ተነስቶ አያውቅም።

የመጀመሪያው ተጎጂ አንድ የጅጋ ገበሬ ነበሩ። ለእህል ጉዳይ ቡሬ ሲመጡ ሁልጊዜም እኛ ዘንድ የሚያርፉ ሽማግሌ ናቸው። አስተናጋጃችን ገነት እንዳስተማርኋት ጎንበስ ብላ፣ ምን ልታዘዝ፣ ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጥብስ አለ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው አለቻቸው። ሰውየው ግራ ቀኝ አዩ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ በዓይናቸው ጠሩኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ኧረ ምንም አላጠፉም! «እንግዲያ ምነው እንደ ባዳ ምን ትበላለህ እባላለሁ? ያለውን አታቀርቡልኝም?» በመጨረሻ የቀረበላቸውን ሽሮ በሉ። በሞቴ የሚላቸው ሰው ስላጡም ግማሹን አስተርፈው ተነሱ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። የት ነቅቼ!

ከዚያ ራጁ መጣ።

ቡሬ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ አዲስ ማሽን ሊያስተክል ነው፤ ተካዮቹ ከህንድ የሚመጡ ባለሙያዎች ናቸው። የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ሆቴሌ ድረስ መጥቶ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። መጀመሪያ አንድ መሐንዲስ ይመጣል። እሱ ከተመቸው ሌሎቹም ማሽኑ ተተክሎ እስኪያልቅ እኔ ዘንድ ያርፋሉ። ካልተመቸው ሁሉም ፍኖተ ሰላም፣ ባለ ሊፍቱ ጋ ያርፋሉ፤ መኪና እንደሆነ አላቸው። ገባችሁ? ክፍሎቼ በሙሉ ይሞላሉ ወይም በሙሉ ባዶ ይቀራሉ። ያውም ከህንድ! ከመጽሐፉ አገር! ፈጣሪ ሊፈትነኝ መምህሩን የላከብኝ መሰለኝ።

ራጁ የደረሰው እሁድ ነው። ቀጭን፣ ጺሙን ያሳመረ፣ ገና ወጣት። እትየ ስንዱ ዶሮ ሠርተዋል። የእትየ ስንዱን ዶሮ ያልቀመሰ ሰው ጎጃምን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ገነት ድስቱን ስትከፍት ራጁ ሁለት እጁን አጋጥሞ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ይቅርታ፣ ሥጋ አልበላም አለ። እንቁላሉንስ? እሱንም አልበላም። ሽሮና ጎመን ቀረበለትና ደስ ብሎት በላ።

ይህን ለእትየ ስንዱ የማስረዳቱ ዕዳ የእኔ ሆነ። ሥጋ አይበላም አልኋቸው። «መቼ መቼ?» አሉኝ። ምንጊዜም። ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «በእሁድ እንኳ?» በእሁድ እንኳ። «ወይ መታደል! እኛ ሮብና ዓርብ ያቅተናል፣ እሱ ዓመቱን ሙሉ! የበቃ ሰው ነው አንቺ ልጅ። መነኩሴ ነው።» አይ እትየ፣ መሐንዲስ ነው ብል፣ «እነሱ መቼ ነኝ ብለው ያውቃሉ?» አሉና ዘጉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራጁ «አባ ራጁ» ሆነ። እትየ ለብቻው ድስት ለዩለት፣ ሥጋ የነካው ማንኪያ አጠገቡ እንዳይደርስ ገነትን አስጠነቀቁ። ሰኞ እንዲህ አለፈ፣ ማክሰኞም አለፈ። መሐንዲሱ ሲወጣ ሲገባ እጁን እያጋጠመ እትየን ሰላም ይላል፤ እትየም ቡራኬ መስሏቸው ጎንበስ ይሉለታል። እኔማ መሬት አልበቃኝም።

ረቡዕ ጠዋት ራጁ ወተት ጠየቀ።

ለካስ ከአገሩ የያዘው የዱቄት ወተት አልቆበታል። ገነት ትእዛዙን ወጥ ቤት ስታደርስ እትየ ስንዱ የሚይዙትን የሚጨብጡትን አጡ። በሮብ! አባ ራጁ! ወተት! «የለም በይው» አሉ። በምሳ ሰዓት በርበሬው አቃጠለውና እርጎ ጠየቀ። የለም። አመሻሽ ላይ ሻይ በወተት አለ። እሱም የለም። ገነት እንደነገረችኝ፣ ልክ «የለም» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ዳልቻ ከጓሮ «እምቧ!» አለች። ራጁ ወደ ጓሮው አየ። ገነት ወደ ጣሪያው አየች።

እኔ ያን ቀን ለዕቃ ግዢ ወጥቼ ስለነበር ይህን ሁሉ አላየሁም። የነገረኝ ስልኩ ነው። የፋብሪካው ሰው ደውሎ፣ እንግዳው ስለ ፍኖተ ሰላሙ ሆቴል እየጠየቀው እንደሆነ ነገረኝና፣ ምን አድርጋችሁት ነው አለኝ። እየሮጥሁ ነው ቤት የገባሁት።

«እትየ፣ ዳልቻ ዛሬ አልታለበችም?»

«ታልባለች።»

«ወተቱስ?»

«አለ። ለቅቤ ነው።»

«ታዲያ እንግዳው ለምን ይከለከላል?»

እትየ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዕድሜውን ሙሉ የጾመ ሰው፣ ሰይጣን ቢፈትነው ነው ዛሬ ወተት ያሰኘው። በእኔ እጅማ አይወድቅም! ነገ ራሱ ያመሰግነኛል፣ ታያለሽ።»

ምን ይባላል? ክፋት ቢሆን እቆጣለሁ። ሴትዮዋ እኮ የሰው ነፍስ እያዳኑ ነው! መጽሐፌን አወጣሁ። አንዱ ምዕራፍ ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ የጠየቀውን ስጡት ይላል። ሌላው ምዕራፍ ሠራተኛችሁን አታስከፉ፣ የተከፋ ሰው ያቀረበው አይጣፍጥም ይላል። ንጉሡና እትየ ስንዱ ሲጣሉ ማንን እንደምይዝ የሚናገር ምዕራፍ ግን አገላብጬ አገላብጬ አጣሁ። በቃ፣ ወተቱን እኔው አቀርባለሁ አልሁ። እትየ ነጠላቸውን ከሚስማሩ አወረዱ። ልብ በሉ፣ እሳቸው ከዚህ ቤት ሌላ መሄጃ የላቸውም። እኔም ያለ እሳቸው ሆቴል የለኝም፣ ግድግዳ ብቻ ነው ያለኝ።

እንዲህ ተፋጠን ቆመን ሳለ ከጓሮ የሰው ድምፅ ሰማን። ወጥተን ብናይ ራጁ ነው። የዳልቻን ግንባር እያሻሸ በአገሩ ቋንቋ ያዋራታል። ዳልቻ ባዳ አታስጠጋም፣ ያን ጊዜ ግን ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች! ሲያየን ደነገጠና ይቅርታ ጠየቀ። እናቱ የምታልባት ጎሽ አለቻት፣ ልጅ ሳለ የሚያልባት እሱ ነበር፣ ናፍቆት ነው። ተረጎምሁላቸው። «ጎሽ ይታለባል?» አሉ እትየ፣ ነጠላው ከእጃቸው እንደተንጠለጠለ።

እስኪ ይለይልን ብዬ ጾመኛ መሆኑን ጠየቅሁት። ሳቀ። ሥጋ የማይበላው እንዲያው በቤታቸው ስለማይበላ ነው። የምትጾመው እናቱ ናት፤ ከሳምንቱ አንዱን ቀን እህል አትቀምስም። ታዲያ ምን ትበላለች? ፍራፍሬ። ወተትም ትጠጣለች።

ለእትየ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? እንዳለ ነገርኋቸው። በእነሱ ቤት ወተቱ የጾም ነው፣ የተከለከለው እህሉ ነው አልሁ።

እትየ ስንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እንዲህ የምትጾመው እናትየዋ ራሷ ናት?» አሉ። ራሷ። «እንጀራ ሳትቀምስ ትውላለች?» እነሱ እንጀራ የላቸውም እንጂ፣ አዎ፣ ቂጣም ሩዝም ሳትቀምስ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካስ እየሳቁ ነው። «ይህማ ከእኛም የከበደ ነው! እኔ ወተት ተዪ ብባል እተዋለሁ። እንጀራ ተዪ ብባል ግን የንስሐ አባቴንም አላውቃቸው!»

ቢሆንም እትየ እትየ ናቸው። የእናቱን ጾም አልነካበትም፣ በእኔ እጅ ግን በሮብ ወተት አይቀዳም አሉ። ተነሱና ማለቢያውን አምጥተው ለራጁ እጁ ላይ አኖሩት። «እጅ አለው አይደል? ይለባት።»

ፊቴን በእጄ ሸፈንሁ። በመጽሐፉ ሕግ እንግዳ እንኳንስ ላም ሊያልብ ወንበር መሳብ የለበትም። በጣቶቼ መሀል አጮልቄ ሳይ ግን ራጁ እጅጌውን ሰብስቧል። ጥጃዋን አጠባት፣ መለሳት፣ ጉልበቱን አጥፎ ቁጭ አለና አለባት። አረፋው ከማለቢያው አፍ ተረፈ። ፊቱን ብታዩት! እኔ እንዲያ ያለ ፊት በመጽሐፉ ሥዕሎች ሁሉ ላይ አላየሁም።

በማግስቱ የፋብሪካው ሰው ደወለ። ምን አድርጋችሁት ነው ሲለኝ ድምፁ ሌላ ነው። ራጁ አገሬ ውስጥ ባለ ብዙ ኮከብ ሆቴል አርፌ ይህን የመሰለ መስተንግዶ አላገኘሁም ብሎታል። ሁሉም መጡ። ክፍሎቼ ሞሉ። ረቡዕና ዓርብ ዳልቻን የማለብ ተራ የማን ነው እያሉ መሐንዲሶች ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። የባለ ሊፍቱ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ምስጢሩን ሊያይ መጣ። ጓሮ ወስጄ አሳየሁት። ይህችን እኔ የት ላስቀምጣት አለኝ። ሊፍቱ ውስጥ፣ አልሁት።

ማሽኑ ተተክሎ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ረቡዕ፣ ራጁ ማለቢያውን ሳያነሳ ቀረ። እናንተ ይህን ያህል አክብራችሁኛል፣ ዛሬ እኔም እንደ እናንተ ልጾም አለኝ። ልቤ ተነካ። መጽሐፉ እንዲህ ላለው ደንበኛ የሚሰጠው ትልቅ ስም አለ፣ «ታማኝ ደንበኛ» የሚል፤ ይህንኑ እያሰብሁ ሄጄ ለእትየ ነገርኋቸው።

እትየ ስንዱ ወጥ ቤቱን ለቀው ሲወጡ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። በእጃቸው ብርጭቆ ይዘዋል፤ በብርጭቆው ወተት። «ምነው? ወተቴ ምን ሆነ? ከስቶ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቋል፣ እናቱ ስታየው ምን ትለኛለች?» ብርጭቆውን ፊቱ ላይ ዘረጉት። «በሞቴ! ልጄ፣ ራጁ፣ በሞቴ ጠጣ!»

በረቡዕ። በገዛ እጃቸው። ያውም የተከለከለውን «በሞቴ»!

ራጁ ወደ እኔ ዞረና ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ካልጠጣህልኝ ልሙት ማለት ነው አልሁት። እናቴም ስታበላኝ በራሷ ላይ ትምላለች አለ፤ ብርጭቆውን ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

እትየ ስንዱ ባዶውን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱና አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ አንቺ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ዕቃው ሲሸጥ እንዲህ ነው።»