በወይዘሮ ጉድሩን ማቀዝቀዣ ላይ የተላለፈ ውሳኔ

እሑድ፣ ጁላይ 7 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከኦዴንሴ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሊንድሆይ የአትክልት ቦታዎች ማኅበር የጋራ መሣሪያ ቤት ውስጥ የተደረገ የአስተዳደር ኮሚቴ ስብሰባ። ስብሰባው ሜዳው ላይ ሊደረግ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ጊዜው የአገራችን በጋ በመሆኑ፣ እንደተለመደው ዝናብ ስለጣለ ወደ ውስጥ ተዛውሯል።

የተገኙ፦
አቶ አይናር ስቴንስጎር፣ ሊቀመንበር፣ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር
አቶ ቬርነር ፊልስኮው፣ አባል፣ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ
ወ/ሮ ጉድሩን ብሊክፌልት፣ አባል፣ የማኅበሩ አንጋፋ
ወ/ሮ ሳነ ሮንሆልት፣ አባል፣ ነርስ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሱ
ቶርኪል ራቨን፣ ጸሐፊ፣ ጡረተኛ ግንበኛ

ያልተገኙ፦ አቶ እና ወ/ሮ ሙንክ። ፀሐይ ፍለጋ ስፔን ሄደዋል። በሊንድሆይ ፀሐይ እንዳለ የማኅበሩ በራሪ ወረቀት በግልጽ ስለሚናገር፣ ጸሐፊው መቅረታቸውን «ያለ በቂ ምክንያት» ብሎ መዝግቦታል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት ሰው ይጠይቃል። አቶ ቬርነር የሣር ማጨጃቸውን ሲጠግኑ ዘግይተው እስኪመጡ ድረስ አራት ነበርን። ስለዚህ ከመምጣታቸው በፊት የተባለው ሁሉ፣ በተለይም ስለ እሳቸው የተባለው፣ አልተመዘገበም።

አጀንዳ 1፦ ስብሰባው በጸጥታ ሰዓት መደረጉ

የደንቡ አንቀጽ ስድስት፣ እሑድ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአጥር በላይ የሚሰማ ማናቸውንም ድምፅ ይከለክላል። አንቀጹን ያረቀቀው ጸሐፊው ነው። ስብሰባውን ሰባት ሰዓት ላይ የጠራውም ጸሐፊው ነው። ሊቀመንበሩ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ጠየቁ። ጸሐፊው በዚያ ሰዓት ሣር የሚያጭድ ስለሌለ ለስብሰባ እንደሚመች አስረዳ። ሊቀመንበሩም «ስለዚህ ረባሾቹ እኛ ነን ማለት ነዋ» አሉ።

ወ/ሮ ሳነ «በዚህ ዝናብ ማን ይሰማናል ጋሼ ቶርኪል? ጣሪያው ቆርቆሮ እኮ ነው። እኔ እንኳን አጠገብዎ ተቀምጬ ግማሹን አልሰማሁም» አሉ። ጸሐፊው ደንቡ ዝናብን እንደማይጠቅስ አመለከተ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ስብሰባው በሹክሹክታ እንዲካሄድ ተወሰነ። ድምፁን ከፍ ያደረገ አባል የጋራውን መጸዳጃ ቤት ለአንድ ወር እንዲያጸዳ ጸሐፊው ያቀረበው ሐሳብም ጸደቀ። ከዚህ በታች የሰፈረው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ ከአንድ ቦታ በቀር፣ በሹክሹክታ የተደረገ መሆኑን አንባቢ ይገንዘብ።

አጀንዳ 2፦ አቶ ቬርነር የሠሩት አግዳሚ ወንበር

አቶ ቬርነር ከተጣለ የዕቃ መጫኛ ጣውላ ሠርተው ለማኅበሩ ያበረከቱት አግዳሚ ወንበር፣ ባለፈው ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ሲቀመጡበት ተሰብሯል። ሊቀመንበሩ በእጃቸው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ የአሬራ ሾርባ ይዘው ነበር። ሾርባው ከነብስኩቱ በአንገታቸው ገብቷል።

አቶ ቬርነር ቃላቸው እንዳለ እንዲጻፍላቸው ስለጠየቁ እንዳለ ተጽፏል፦ «ወንበሩ ምንም አልሆነም። አንዲት ሚስማር ሳልገዛ ነው የሠራሁት። ችግሩ ሰውየው ተቀመጠበት።»

ሊቀመንበሩ «ታዲያ ወንበር ላይ ምን ይደረጋል ቬርነር፣ ይዘፈናል?» አሉ።

አቶ ቬርነር «ቀስ ተብሎ ይቀመጣል። አንተ ግን ፌርማታ ላይ እንደሚቆም አውቶቡስ ነው የመጣህበት» ሲሉ መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ወንበሩ ተጠግኖ በቦታው እንዲቆም፣ ማንም ሰው ግን እንዳይቀመጥበት ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ በወ/ሮ ጉድሩን በር ላይ የቆመው ማቀዝቀዣ

አጀንዳውን ያቀረበው ጸሐፊው ነው።

ወ/ሮ ጉድሩን ማቀዝቀዣቸው ሲበላሽ አልጣሉትም። ከጀልባ ቀለም የተረፈ ሰማያዊ ቀብተው፣ አጥራቸው በር ላይ አቁመው፣ መጽሐፍ ሞሉበት። አንድ የወሰደ ሌላ ይተካል፣ ያነበበም ይመልሳል። በሩ ገጥሞ ስለሚዘጋ እርጥበት አያስገባም። የእንቁላል ማስቀመጫው ሳይቀር ትናንሽ የኪስ መጻሕፍት ይዟል። ጸሐፊው እንደ ግንበኝነቱ፣ ሥራው የጠራ መሆኑን ይመሰክራል። ይሁን እንጂ አንቀጽ አሥራ አንድ የማይሠራ ማሽን ከመንገድ እየታየ እንዳይቀመጥ ይከለክላል።

ጸሐፊው ሁለተኛ ነጥብ አነሣ። በማቀዝቀዣው ውስጥ ካሉት መጻሕፍት የሚበዙት ስለ ግድያ ናቸው። ሰው በጋውን ሙሉ ዛፍ ላይ በታሰረ መረብ ውስጥ ተጋድሞ፣ እንጆሪ እየበላ፣ እገሌን ማን ገደለው እያለ ይከርማል። አንድ ቁም ነገር ሳይጨብጥ ሴፕቴምበር ይገባል። ጸሐፊው ራሱ ትምህርት ቤት የቆየው እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማረው ኢንሳይክሎፒዲያ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ በተራ በማንበብ ሲሆን፣ አሁን «ኬ» ላይ ይገኛል። ንግግሩ ረጅም ነበር። ለዚህ ቃለ ጉባኤ ያሳጠረው ጸሐፊው ራሱ ነው።

ወ/ሮ ሳነ «የመጨረሻው ፊደል ላይ ሲደርሱ ምን ሊሆኑ ነው ጋሼ?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው አስቦበት አያውቅም።

አቶ ቬርነር የጸሐፊውን ሐሳብ ደገፉ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ «አምና የኔን ዝገት የበላው ማጨጃ በዚሁ በአሥራ አንድ ቁጥር አስነሥታችሁብኛል። ያኔ ማን አለቀሰልኝ?» አሉ።

ወ/ሮ ጉድሩን ቃል እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ንግግራቸው እንዳለ ሰፍሯል፦

«እኔ ማንበብ ካቆምኩ ሁለተኛ በጋዬ ነው። ዓይኔ ፊደል አልይዝ አለኝ። ግን መጽሐፍ ሊመልስ የመጣውን ሰው ዝም ብዬ አልለቀውም። እንዴት አለቀ? እለዋለሁ። በአጥሩ ላይ ደገፍ ይልና ይነግረኛል። አንዳንዱ ያዛባዋል፣ አንዳንዱ ከራሱ ይጨምርበታል፣ ምን ቸገረኝ። ማቀዝቀዣው ከመምጣቱ በፊት በሬ ላይ የሚቆም ፖስተኛው ብቻ ነበር። እሱም አድራሻ ተሳስቶ። አሁን ውሰዱት ካላችሁ ውሰዱት። ግን ያን ጊዜ ማን ይመጣል?»



ድምፅ ተሰጠ። በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት የጉዳዩ ተጠቃሚ የሆነ አባል በራሱ ጉዳይ ድምፅ ስለማይሰጥ፣ ጸሐፊው ወ/ሮ ጉድሩን እጃቸውን እንዲያወርዱ አሳሰበ፤ አወረዱ። ጸሐፊውና አቶ ቬርነር ደገፉ። ወ/ሮ ሳነ ተቃወሙ። ሊቀመንበሩ «ሁላችሁም ጎረቤቶቼ ናችሁ» ብለው ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። ማቀዝቀዣው በመጪው ቅዳሜ በአቶ ቬርነር ተጎታች ተጭኖ ወደ ቆሻሻ መጣያው እንዲወሰድ በሁለት ለአንድ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ በሰው እጅ የሚገኙ መጻሕፍት

አጀንዳው በወ/ሮ ጉድሩን ጥያቄ እዚያው የተያዘ ነው። ከቅዳሜ በፊት መጽሐፍ የወሰደ ሁሉ እንዲመልስ ጠየቁ። በተለይ በአንድ ደሴት ላይ ለመርከቦች ብርሃን የሚያሳየው የመብራት ቤት ጠባቂ ስለ ተገደለበት ስለ ወፍራሙ መጽሐፍ አሳሰቡ። «ባለፈው ወር የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ እሳት ከነደደ ወዲህ ጠፍቷል። መንገደኛው ሁሉ ይጠይቀኛል። እኔም መጨረሻውን ሳልሰማ ልቀር ነው» አሉ።

አቶ ቬርነር ሊያጽናኑ ፈለጉ። «የመብራት ቤቱን? እሱን እኮ ክረምቱን ልጄ ቤት ሆኜ አንብቤዋለሁ። ለዚህ ነው የምታዝኚው? አሁኑኑ ልገላግልሽ ጉድሩን። ገዳዩ ማን መሰለሽ፣ ያ...»

በዚህ ጊዜ ከጸሐፊው መቀመጫ አካባቢ «ዝም በል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ ከአጥር በላይ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ውሻ ጮኸ። አንድ ሰው ከጎጆው ወጥቶ የወደቀ ሰው እንዳለ ጠየቀ። የጸሐፊው እስክሪብቶ ጠረጴዛ ሥር ስለገባ፣ ቀጥሎ የተባለው ጥቂት ነገር አልተመዘገበም።

ሊቀመንበሩ «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው፣ የመጽሐፍ መጨረሻ በአጀንዳ ያልተያዘ ጉዳይ ስለሆነ ሥነ ሥርዓት ማስከበሩ እንደሆነ አስረዳ። ወ/ሮ ሳነ «ምኑ ጋ ደርሰዋል ጋሼ?» አሉ። ጸሐፊው ይህም በአጀንዳ እንዳልተያዘ አሳሰበ። ወ/ሮ ሳነ ይያዝልን አሉ። በአራት ለአንድ ተያዘ። ጸሐፊው የኮሚቴውን ውሳኔ ስለሚያከብር መለሰ፦ የደሴቱ ሐኪም እየዋሸ መሆኑ የታወቀበት ጋ ነው።

ሳቁ በሹክሹክታ አልነበረም። የሳቁት አራት በመሆናቸው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቅጣት እንዴት እንደሚከፋፈል ለጊዜው ሳይወሰን ታልፏል።

ጸሐፊው መጽሐፉን የወሰደው የእነዚህን መጻሕፍት ጎጂነት ለማጣራት እንደሆነ ገለጸ። ሊቀመንበሩ «ስንቱን አጣራህ?» አሉ። ጸሐፊው በትክክል እንደማያስታውስ ተናገረ። ወ/ሮ ጉድሩን «እኔ አስታውሳለሁ» አሉ፦

«በዚህ በጋ ያላጣራው የለም። ጎህ ሲቀድ ይመጣል። የበሩ ላስቲክ ጧ ሲል አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ያንን የግራ እግሩን ጎተት የሚያደርጋትን አካሄድ ደግሞ ማን ያጣታል? ይመልሳል፣ ሌላ ይወስዳል፣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ከሁሉም ጨዋ ዘጊ እሱ ነው።»

አቶ ቬርነር በመገረም «ታዲያ ቅድም ያን ሁሉ ሲያወራብሽ ምነው ዝም አልሽ?» ብለው ጠየቁ።

ወ/ሮ ጉድሩን «ባሳፍረው ነገ አይመጣማ» አሉ። «አያወራኝም፣ እውነት ነው። ቢሆንም የሚመጣ ሰው ነው።»



ቀጥሎ ጸሐፊው የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሣ። ጸሐፊው የማቀዝቀዣው ተጠቃሚ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት በአጀንዳ ሦስት የሰጠው ድምፅ ዋጋ የለውም፤ ይሰረዝ። ሊቀመንበሩ «ተወው በቃ ቶርኪል፣ ውሳኔውን ዝም ብለን እንርሳው» አሉ። ጸሐፊው ውሳኔ እንደማይረሳ፣ የሚሻረው በደንብ ብቻ እንደሆነ አጥብቆ ተከራከረ። ሊቀመንበሩ «ማቀዝቀዣውን ለማትረፍም ትጣላኛለህ እንዴ?» አሉ። ጸሐፊው «አዎ» አለ።

የጸሐፊው ድምፅ ተሰረዘ። ውጤቱ አንድ ለአንድ ሆነ። ሊቀመንበሩ በእኩል ድምፅ ጊዜ የሚሰጡትን ወሳኝ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት አቶ ቬርነር «የኔንም አውጡት» አሉ። ቀጥለውም «ግን ማጨጃዬ ውስጥ መጽሐፍ ብሞላበት ኖሮ ይተርፍልኝ ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

አንቀጽ አሥራ አንድ ግን እንደቆመ ነው። ጸሐፊው፣ ድምፅ ኖረም አልኖረ ደንቡ የማይሠራ ማሽን እንደሚከለክል አሳሰበ። ሊቀመንበሩ ራሳቸውን ያዙ። ወ/ሮ ሳነ «አይሠራም ያለው ማነው? ሰው እያመጣላቸው አይደል እንዴ?» አሉ። ጸሐፊው ነጥቡን ከሁሉም አቅጣጫ መረመረው። አንቀጹ ማሽኑ ምን መሥራት እንዳለበት አይዘረዝርም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው የሚሠራ ማሽን ተብሎ ተመዝግቧል።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ማቀዝቀዣው ከቆመበት አይነሣም። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል፤ ሊቀመንበሩ ግን በራሳቸው ኃላፊነት። የሹክሹክታው ውሳኔ ስለተሻረ ቅጣቱም አብሮ ተሽሯል። ጸሐፊው የሱ ቅጣት ብቻ እንዲጸና ተከራክሮ በአራት ለአንድ ተሸንፏል። ተቃውሞው እንዲመዘገብለት ጠይቆ ተመዝግቧል። ሰኞ ጠዋት መጸዳጃ ቤቱን ሲያጸዳ መታየቱ የግል ጉዳዩ ነው።

ጸሐፊው፣ የግድያ መጻሕፍት ለሰው ልጅ የሚሰጡት አንዳች ጥቅም እንደሌለ ያለው አቋም እንዳልተለወጠ እንዲመዘገብለትም ጠይቋል። ተመዝግቧል። ሊቀመንበሩ የመብራት ቤቱን መጽሐፍ መቼ እንደሚመልስ ጠየቁት። ሲጨርስ እንደሆነ መለሰ።

ወ/ሮ ጉድሩን አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ጸሐፊው ከአሁን በኋላ በጎህ ሳይሆን በቀን እንዲመጣ፣ ሳይቀመጥም እንዳይመለስ ነው። ጸሐፊው ወሬ እንደማያውቅ፣ ዕድሜውን ከጡብ ጋር እንደኖረ አስረዳ። ወ/ሮ ጉድሩን «የሚነበብ ነገር ይዘህ እየመጣህ ምን ወሬ ያስፈልግሃል? አንብብልኝ። ከመጀመሪያው ጀምር» አሉ። ለድምፅ ሳይቀርብ ጸድቋል። ይህ ከደንቡ ውጭ ነው።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ዝናቡ አልተበተነም።

ይህ ቃለ ጉባኤ በደንቡ መሠረት በማግስቱ መጻፍ ሲገባው እስከ ሐሙስ ዘግይቷል። ምክንያቱም ጸሐፊው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በወ/ሮ ጉድሩን በረንዳ ላይ በሥራ ተይዞ ስለነበር ነው። ንባቡ የደሴቱ ሐኪም የዋሸበት ጋ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለሁለቱም አዲስ ነው። ወ/ሮ ጉድሩን ገዳዩ ማን እንደሆነ ከወዲሁ ደርሰውበታል። ጸሐፊው ገና አልደረሰበትም። እንዳይነግሩት በጽሑፍ ጠይቋቸዋል፤ ጽሑፉንም ራሱ አንብቦላቸዋል።

ቶርኪል ራቨን፣ ጸሐፊ