የዘቢደር ልጅ እና የዘቢደር ልጅ

ዛሬ ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ዘቢደር ማዋለጃ ክፍል ገብታ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

ቦታው ይኸው ሆስፒታል ነበር። ግን ሠራተኞቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ሕመምተኞቹ መስኮት ውስጥ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይሏቸዋል። ካርድ ክፍሉን የያዘው መነጽር ያደረገ በግ ነው። ፊቱ የቆሙት ሁለት ሰዎች ሁለቱም ደርበው ይመር ይባላሉ።

«ስማችሁ አንድ ከሆነ አንድ ሰው ናችሁ» አለና አንድ ኮት ውስጥ ከተታቸው። ወደ ማን ሚስት ቤት እንደሚሄዱ እየተጨቃጨቁ ወጡ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ተራዬ ሲደርስ ክንዴ ላይ ሁለት ጨቅላ ወንዶች አገኘሁ።

«ስም?» አለ በጉ።

«ክርስትና እስኪነሡ ስም የላቸውም። የዘቢደር ልጅ ብለህ ጻፈው።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱም የዘቢደር ልጅ።»

«እንግዲያው አንድ ልጅ ነው። ትርፉን መልስ።»

ሳቄ ደረቀ። «አንዱ እያለቀሰ አንዱ እያዛጋ እንዴት አንድ ይሆናሉ?»

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ» አለኝ።

እውነቱን ነው። የሆስፒታሉን ፕሮግራም የጻፍነው እኔና ባልደረባዬ ሌንሳ ነን። እሷ «ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም ቁጥር እንስጥ፤ ያለዚያ ኮምፒዩተሩ ማንን ከማን ይለያል?» ስትል፣ እኔ «እስረኛ ነው እንዴ? ለጨቅላ የእናቱ ስም ይበቃዋል» ብዬ አሸንፌያት ነበር።

በጉ እጁን ዘረጋ። ሁለቱንም ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ፤ በጣም ፈራሁ። ይሄኔ ሌንሳ ከሠራተኞቹ ሰልፍ ወጥታ መጣች። ከሹራቧ ክር መዝዛ የአንዱን እግር በቀይ፣ የሌላውን በአረንጓዴ አሰረች።

«አሁን ለየኋቸው» አለ በጉ መነጽሩን እየወለወለ። ሰልፈኛው ሁሉ ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋላት። ባለ አንድ ኮቶቹም እየሮጡ ተመለሱ።

«አቶ ምትኩ፣ ይነሡ እንጂ።»

ነቅቼ ቀና ስል አዋላጇ ሲስተር አይናለም ናት። «እንኳን ማርያም ማረችልዎት። መንታ ወንዶች ናቸው፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ኮምፒዩተሩ ብቻ አንዱን ስመዘግብ ሌላውን እያጠፋ አስቸገረኝ። እስከዚያው የታላቁን እግር በፋሻ አስሬዋለሁ።»

«ፋሻውን እንዳይፈቱት» አልኳትና ስልኬን አወጣሁ።

«ሌንሳ፣ ተሸንፌያለሁ።»

«በስንት?»

«ሁለት ለባዶ» አልኳት፤ እንባዬ መጣ። «ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ። ልጆቼን አሳይሻለሁ።»