ሙሽራዋ ጢም ስላበቀለችበት ቪዲዮ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ፎቶ ቤቱ ጓዳ፣ መብራት መቆሚያዎቹ መሀል።

የተገኙ፦ ጋሼ (ባለቤትና ሰብሳቢ)፣ እትዬ (ሚስታቸው)፣ ካሜራማኑ፣ እና እኔ። ጸሐፊም ቪዲዮ አቀናባሪም እኔው ነኝ። በሰፈሩ የሚስተካከለኝ የለም፤ ይመዝገብ ብዬ ራሴ መዝግቤዋለሁ። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል፤ በሩን ጋሼ ስለቆለፉት የሚጎድልም የለም።

አጀንዳ 1፦ የሰርግ ቪዲዮን የቀለም ቅብ የሚያስመስል ፕሮግራም መምረጥ።

ሙሽራዋ ዛሬ ልትወስድ ትመጣለች። «ሥዕል አድርጌ ነው የማስረክብሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ካልወደደችው ኮምፒውተሩን ለቅቄ መብራት ተሸካሚ እንደምሆን ጋሼ አሳስበዋል።

ሦስት ፕሮግራም ተወዳደረ። የስልኩ ለፎቶ አንደኛ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ግን እያንዳንዷን ምስል ለብቻዋ ስለሚቀባ ሙሽራው ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። የኢንተርኔቱ ኬኩንና ሚዜዎቹን አንድ ላይ አቅልጧቸዋል። የኮምፒውተሩ እንደ ኤሊ ይጎተታል፤ ግን ምስሉ ይረጋል። ሙሽራዋ ላይ ጢም ያበቀሉት ሦስቱም ናቸው።

አጀንዳ 2፦ ጢሙ ከየት መጣ።

ካሜራማኑ፣ ፕሮግራሞቹ አቀባቡን የሚኮርጁት ከሚሰጣቸው ናሙና እንደሆነ፣ ናሙናውም በጋሼ ትእዛዝ ግድግዳው ላይ ያለው የጋሼ ሥዕል እንደነበር አስታውሷል። ጋሼ «ታዲያ በዚህ ቤት ከሱ የሚያምር ምን አለ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እትዬ «እኔ አንዱን ጢም ችዬ ኖርኩ፤ ሰርገኛውን ሁሉ ምን በደላችሁ?» ብለዋል። ናሙናው ይቀየር ቢባል ጋሼ አኩርፈዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም እንዲመረጥ፣ የናሙናው ጉልበት በግማሽ እንዲቀነስ፣ የተረፈው ጢም ጥላ ነው እንዲባል ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሙሽራዋ በሩን ደበደበች።

ጋሼ ሲከፍቱላት ገባች፤ አየች። እኔ ዓይኔን መብራቶቹ ላይ ጥዬ ክብደታቸውን እገምት ነበር። «አማቴ ጋ መልሰው» አለችኝ። መለስኩት። አማትየው፣ የሙሽራው እናት፣ ጢማቸውን ተክለው ኬክ ይቆርሳሉ። ልጅቷ ሳቅ ጣላት፤ ካሜራማኑ ወንበር አቀበላት።

«የኔን አጥፋልኝ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የሳቸውን ግን ንክች እንዳታደርግ። ልክ ራሳቸውን ነው ያወጣሃቸው።»

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቪዲዮው እንደተቀረጸ ይመለሳል፤ አማትየው ብቻ እንደተቀቡ ይቆያሉ። ጋሼ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

አምስት ሰዓት ላይ እትዬ የጋሼን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞሩት ስብሰባው ተበተነ።

ጸሐፊው፣ ከነኮምፒውተር ወንበሩ።